ክዳን ያለው ሳህን

ወይዘሮ እታለማሁን የቤቱን ሰው እየመዘገበ ውሃና መብራት የሚለቀው ማሽን "ስንት ልጅ ወለዱ?" ብሎ ቢጠይቃቸው "ልጅ አይቆጠርም፣ ሟርት ነው" አሉት። ደጋግሞ ጠየቃቸው፤ እሳቸው ግን ንቅንቅ አላሉም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በማሽኑ ላይ ከስማቸው ፊት ለፊት የሚነበበው "ቁጥር ያልሆነ" የሚል ነው።

ነገሩ እሳቸው ላይ ቢቆም ምን ነበረበት። ውሃና መብራት የሚለቀቀው በነዋሪዎቹ ድምር ነው፤ ከአንድ ማዕድ የቆረሰ ሁሉ አብሮ ይደመራል። ቁጥር ባልሆነ ላይ ደግሞ ምን ቢደምሩበት ያው ቁጥር ያልሆነ ነው። ስለዚህ የቀበሌው የስሌት ባለሙያ ክዳን ያለው ሳህን አመጣ። አሮጊቷ ከዚያ ለብቻቸው ከበሉ ቤተሰቡ ይተርፋል አለ።

ልጃቸው ዘቢደር ሳህኑን ስትከፍትና ስትከድን ሰነበተች። ልጆቿም አያታቸውን "ባለክዳኗ" ማለት ጀመሩ።

እሁድ ምሳ ላይ ባለሙያው ሊያይ መጣ።

"ጎበዝ፣ እንዲህ ነው እንጂ" አላት። "በስሌት ቁጥር ያልሆነ ነገር ከምንም ጋር እኩል አይሆንም፤ እሳቸው እኮ ከራሳቸው ጋር እንኳ ሲነጻጸሩ እኩል አይመጡም።"

ዘቢደር ክዳኑን አንስታ በመስኮት ወረወረችው። የእናቷን ሳህን የቤተሰቡ ትሪ ላይ ገለበጠችና ጠቅልላ አጎረሰቻቸው። እሳቸውም ልጆቹን አንድ በአንድ አጎረሱ። መብራቱ ጠፋ፤ ቧንቧውም አንዴ አጉረምርሞ ደረቀ።

"ምን ነካሽ?" አለ ባለሙያው። "አሁን እዚህ ቤት ቁጥር ያጣው ስንት ሰው ነው?"

ዘቢደር አንድ ጉርሻ ጠቅልላ ወደ እሱ ዘረጋች።

"ሰው አይቆጠርም" አለችው። "ይልቅ ና፣ እንብላ።"