ኮረንቲው ልጅ ያስረሳል

«ኮረንቲው ልጅ ያስረሳል አሉ» ይላሉ ጎረቤቷ እትዬ የሺመቤት፣ እናቷን ለኮረንቲ ሕክምና ስትወስድ ባገኟት ቁጥር። «አንዷ ጭንቅላቷን በኮረንቲ ታክማ ስትወጣ፣ የገዛ ልጇን ‹አንተ ደግሞ የማን ነህ?› አለችው አሉ!»

«ወሬ የሚያስረሳ ኮረንቲ ቢገኝማ አስቀድሜ እርስዎን ነበር የምወስድዎት» ትላቸዋለች።

በሆዷ ግን፣ ምነው እውነት በሆነ፣ ትላለች። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እናቷ ቤት ከገባች ወዲህ ባንድ አልጋ ነው የሚተኙት፤ እናቷ ግን ዓይናቸውን አይከድኑም። ስደት የወጣው ወንድሟ ታምራየሁ በረሃ ላይ መሞቱን እሷም ዘመዱም ሰምተዋል። መርዶው ለእናቷ ሳይነገር የተያዘው «እንቅልፍ ሳይመለስላቸው አይችሉትም» ተብሎ ነው። ስለዚህ እንባዋን ጓዳ ጨርሳ፣ እየሳቀች፣ እናቷን ሕክምና ታመላልሳለች። ሐኪሙ ግንባራቸው ላይ እርጥብ ስፖንጅ አስሮ፣ የቁንጥጫ ያህል እንኳ የማይሰማ ኮረንቲ ይለቅባቸዋል።

አንድ ሌሊት እናት ተኙ። አፋቸውን ከፍተው እያንኮራፉ፣ ፀሐይ እስኪወጣ ተኙ። ልጅቷ ሮጣ ለአጎቷ ደወለች፤ «አሁን ይችላሉ» አለችው።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። እናት አልጮኹም። እጃቸውን ልጃቸው ሆድ ላይ አሳረፉ።

«እኔማ ከሁላችሁም በፊት ሰምቻለሁ» አሉ። «ኮረንቲው አሸነፈኝ እንጂ፣ እስክትገላገዪ ላልተኛ ነበር። በእንቅልፍ ልቤ ስሙን እየጠራሁ አልቅሼ እንዳላረዳሽ ፈርቼ።»