አባቷ ያልቀመሰው ፍሬ

«እስቲ ይህን ድንጋይ ወዲያ አድርጊልኝና ሙዙን ልምረጥ» ትላለች ደንበኛቸው። ነርስ ናት፤ የሥራ ልብሷን እንኳ ገና አላወለቀችም።

«ድንጋይ አይደለም እትዬ፣ የሚበላ ፍሬ ነው» ትላለች ከአባቷ ጋር ገበያ የወጣችው ልጅ። «ጃክፍሩት ይባላል።»

ነርሷ እጇን ሰብስባ እንደገና ታየዋለች። ፍሬው የተኛ ሕፃን ያክላል፤ ቆዳው እንደ አዞ ጀርባ ሸካራ ነው። አጠገባቸው ያለው ሽንኩርት ሻጭ ከጠዋት ጀምሮ ለመቀለድ ይህችን አጋጣሚ ሲጠብቅ ነበር።

«ድንጋይ ነው እንጂ፤ ጋሼ ዘንድሮ ድንጋይ ማምረት ጀምረዋል» ይላል። በዙሪያው ያለው ሰው ይስቃል።

የልጅቷ አባት አይስቅም። ዕድሜ ልኩን ሙዝ የሸጠ ሰው ነው። በማሳው ጥግ ዛፉን የተከለችው ልጁ ናት፤ ለዓመታት ከጥላ በቀር የሰጠው ነገር አልነበረም። ዘንድሮ ዛፉ ይህችን አንዲት ፍሬ ሲያንጠለጥል፣ አባቷ «ገበያ ይፍረደው፤ ገዢ ካጣ ዛፉን ቆርጬ ሙዝ እተክልበታለሁ» አለ። ያለውን የሚያጥፍ ሰው አይደለም።

«በይ ቁረጪውና ልየው» ትላለች ነርሷ።

ልጅቷ ቢላዋውንም እጇንም ዘይት ትቀባለች፤ የፍሬው ወተት እንደ ሙጫ ይይዛል። ስትሰነጥቀው ሽታው የሽንኩርቱን አልፎ ይሄዳል። ከውስጡ አንድ ወፍራም ቢጫ ሥጋ ፈልቅቃ ትዘረጋለች።

ነርሷ አትቀበልም። ወደ አባትየው ዞራ፣ «ጋሼ፣ ሳይቀምሱ ሸጠውልኝ አያውቁም። መጀመሪያ እርስዎ» ትላለች።

እውነቷን ነው። አባቷ በየጠዋቱ ከእያንዳንዱ ዘለላ አንድ ልጦ ሳይቀምስ ገበያ አይከፍትም። ይህን ግን አልነካውም።

ልጅቷ ዘይቱን ታቀርብለታለች። «ተይው» ብሎ ሥጋውን ዘይት ባልነካው እጁ ይቀበላታል። ቀስ ብሎ ያኝካል። ቢወድም ቢጠላም ያው አንድ ፊት ነው ያለው፤ ሽንኩርት ሻጩ ሳይቀር አፍ አፉን ያያል። ውጦ ሲያበቃ ጣቶቹን ሊያላቅቅ ይሞክራል፤ ተጣብቀዋል። በተጣበቁት ጣቶቹ ሁለተኛ ያነሳል።

«ምን ምን ይላል?» ትላለች ነርሷ።

«ሙዝ ሙዝ ይላል።»

ከዚህ በላይ ሙገሳ አያውቅም። ልጅቷ ትንፋሿን ትለቃለች። አባቷ ወደ ሽንኩርት ሻጩ ይዞራል። «አንተ፣ አፍህን ከከፈትክ አይቀር ና ቅመስ። የልጄ ነው።»

ልጄ ሲላት ኖሯል፤ ገበያ እስኪሰማው ግን ብሎ አያውቅም። አንገቷን ልትደፋ ትልና ትተወዋለች።

ነርሷ ግማሹን አስመዝና ትሄዳለች። ሽንኩርት ሻጩ ሌላ ቢለምን አባቷ እምቢ ይለዋል። የቀረውን ለእናቷ ብሎ በሙዝ ቅጠል ይጠቀልላል፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ መሬት የወደቁትን ዘሮች ይለቅምና ኪሱ ይከታል።