የረጅሙ ፎቶ ግራ ጫፍ

ከሪማ ሹም አቦ ሰፈር ያለው ፎቶ ቤት ስትገባ ልብሷን በፌስታል ቋጥራ ነበር። የሐምሌ ዶፍ ሲወርድ የተወለደችው ሚስራ ጀርባዋ ላይ ታለቅሳለች። ባሏ ካሚል ተከትሏት መጥቶ በሩን ተደገፈ።

ወረታ፣ አባቷ ቤት ልትገባ ነው። ፎቶው ላይ ያለችውን ሴት ሳታውቅ ግን አትሄድም።

ፎቶውን ባንኮኒው ላይ ዘረጋችው። «ይቺ ማናት?»

ፎቶው ክንድ ተኩል ይረዝማል። የካሚል ጀልባ ጣና የገባ ለት፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ፎቶ አንሺው ብሥራት ያነሳው ነው። ረጅሙ ወረቀት ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ቆይቶ ትናንት ገና ታተመ። በቀኝ ጫፍ ከሪማ ራሷ ከትልቁ የዓሣ ሳፋ ኋላ ተቀምጣለች። ያኔ ሰው እጇን ይዞ ካላነሳት አትነሳም ነበር። በግራ ጫፍ ካሚል ቆሟል። ከጎኑ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታለች፤ አረንጓዴ ሻርፕ ለብሳለች፣ ካዘለችው ልጅ ትንሽ እግር ወጥቷል።

ሻርፑ የከሪማ ነው። ካሚል ዓሣ ሊሸጥ ከሚሄድበት ከመሸንቲ አምጥቶ «ሁለተኛ የለውም» ብሎ የሰጣት።

«የኔን ሻርፕ አለበስሃት! ልጅም ወለድህላት!»

«አበድሽ?»

ብሥራት ሳቁን ዋጥ አድርጎ ኮምፒውተሩን አዞረላት። «እህቴ፣ ይሄ እኮ አንድ ፎቶ አይደለም። ከግራ ወደ ቀኝ እየዞርሁ ስድስት አነሳሁ፣ ኮምፒውተሩ ጫፍ ለጫፍ ገጣጠመው። ግራ የተነሳ ሰው በጀርባዬ ሮጦ ቀኝ ከቀደመኝ፣ ሁለት ቦታ ይወጣል። ሠርግ ላይ ልጆች ሁሌ ይጫወቱብኛል።»

ካሚል ከበሩ ተላቀቀ። «ሰማሽ? አንቺው ነሽ! ሻርፑ ያንቺ፣ እግሩ የሚስራ። የማን ሊሆን ነው? በገዛ ጀርባሽ ቀናሽ! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ!»

«ስድስቱን ለየብቻ ልክፈትላት» አለ ብሥራት።

«ተወው። ፊደል በቅጡ ያልለየች ምን ልታይበት?» አለ ካሚል።

ከሪማ ፊቷ ነደደ። እውነትም የራሷን ጀርባ አይታ አታውቅም። ያቺን ትንሽ እግር ስታይ ደግሞ ሆዷ ባባ። የሰደበችው ስድብ፣ ጎረቤት የጠራችበት ጩኸት፣ ሁሉም ተመልሶ ራሷ ላይ ወረደ።

«አፉ በለኝ» አለችው።

«እዚህ አይደለም። ሰው ሰብስበሽ ሰድበሽኛል፣ ሰው ሰብስበሽ ትይኛለሽ!»

ቤታቸው ደጅ ጎረቤቱ ተጠራ። ከሪማ አንገቷን ደፍታ «አፉ በለኝ» አለች። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ይዘው ሳቁባት። ካሚል ዓሣውን ጭኖ፣ እያፏጨ ወደ መሸንቲ ወጣ።

ከሪማ ቤት ገብታ ፌስታሉን ፈታች፣ ፎቶውን ግድግዳው ላይ ሰቀለች። ሚስራን ከጀርባዋ አውርዳ ጡት ሰጠቻት። ልጅቱ እየጠባች ሆዷን በእግሯ ረገጠቻት።

ከሪማ ቀና አለች። ጀልባው ውኃ የገባ ለት ሚስራ ገና በሆዷ ነበረች።