የሙዚየሙ ምንሽር

ሽማግሌው አንዲት ክፍል ብቻ ወዳላት የወረዳው ሙዚየም ሲገቡ ለጠብ የመጡ ይመስሉ ነበር። አስጎብኚው ወጣት ማሰሮውን ሲያሳያቸው «ይኼማ እቤቴም ሞልቷል» አሉት። ኮርቻውን ሲያሳያቸው ፊታቸውን አዞሩ። መስታወት ውስጥ ከተቀመጠው የዛገ ምንሽር ፊት ሲደርሱ ግን ቀጥ ብለው ቆሙ። የጠመንጃው አፈሙዝ ተቀጥቅጦ ተጣሟል።

«ይኼን ከየት አመጣኸው?»

«ከወንዙ ማዶ፣ ከዋርካው ሥር ራሴ ቆፍሬ ነው ያወጣሁት» አለ ወጣቱ ደረቱን ነፍቶ። «የጀግና መሣሪያ ነው፣ አባቴ።»

«የምን ጀግና! ወንድሜ የተገደለበት ጠመንጃ ነው!» ከዘራቸውን ወደ መስታወቱ ቀሰሩ። «ያስታረቁን ሽማግሌዎች ናቸው ቀጥቅጠው የቀበሩት። ይህ ብረት ከመሬት እስካልወጣ ድረስ ደም አንፈላለግም ብለን ሁለታችንም ወገን ማልን። አርባ ዓመት ሙሉ ገዳዩ ገበያ ላይ በፊቴ ሲያልፍ ጥርሴን ነክሼ ኖርኩ። ስሙን እንኳ ከአፌ አውጥቼ አላውቅም።»

ወጣቱን ላብ አጠመቀው። «ይቅር ይበሉኝ አባቴ፣ ከተማ ነው ያደግኩት፤ ይህን የነገረኝ የለም። ዛሬውኑ መልሼ እቀብረዋለሁ።»

«ለመሆኑ የማን ልጅ ነህ?»

«የዳኘው በሪሁን የልጅ ልጅ ነኝ።»

ሽማግሌው አርባ ዓመት ከአፋቸው ያላወጡትን ስም ሲሰሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ዞሩና የሙዚየሙን በር ከውስጥ ቀረቀሩት።