ብሩሽ የታጠበበት ውሃ

የጉለሌው ሠዓሊ ዓምሃ ዕድሜውን ሙሉ እንጦጦን በውሃ ቀለም ሲሥል የሰው ፊት የሣለው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ እርሱም የሸሸው ልጁ ነው። የቀበሌው ጓድ ከታጣቂዎቹ ጋር መጥቶ ያን ሥዕል ከግድግዳው ነቀለ። የልጁን ፎቶግራፎች እናቱ አስቀድማ አቃጥላቸው ስለነበር ለኬላ ጠባቂዎች መልኩን የሚያሳይ ሌላ ነገር አልነበረም።

«አባባ፣ አብዮቱም ሥዕል ይወዳል!» አለ ጓዱ እየሣቀ።

«እንግዲያውስ ልፈርምበት፤ ያለ ፊርማ ሥራዬ ከቤት ወጥቶ አያውቅም።»

ሥዕሉን ተቀብሎ የልጁን ፊት በራሰ ብሩሽ አሸው፤ ብሩሹንም በብርጭቆው ውሃ አለቀለቀ። ዓይኑም ከንፈሩም ሟሙቶ ጠፋ። ወዲያው የጠመንጃ ሰደፍ ጀርባው ላይ አረፈ።

እየጎተቱ ሲያወጡት ዞር ብሎ ሚስቱን አየ። የደፈረሰውን ብርጭቆ ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ጠብታ እንዳይፈስባት እየተጠነቀቀች፣ በነጠላዋ ጫፍ ትከድነው ነበር።