ከብስራት ቀሚስ የተረፈው

በዚህ ዘመን የሰው ገላ የነካው ጨርቅ ሁሉ በዓመቱ ዱቄት ይሆናል። ውድነሽ ዛሬ ጠዋት ቁም ሳጥኑን ስትከፍት የሟች ልጇ የብስራት ቀሚስ ዱቄት ሆኖ ጠበቃት። ቀሚሱን ወደ ሰፋው ልብስ ሰፊ ሮጠች።

«ጋሽ ኑርልኝ፣ ከቀሚሷ የተረፈ ቁራጭ ይኖር ይሆን?»

«እኔ ደግሞ ምን እጥላለሁ! ሚስቴ እንኳ ‹አንተን ራስህን ከእራፊ ነው የጣፉህ› ትለኛለች።»

ጓንቱን አጥልቆ፣ ከቁርጥራጭ ከገጣጠመው የመስኮት መጋረጃ ላይ አንዱን ቢጫ ቁራጭ ተረተረና በወረቀት ጠቅልሎ ሰጣት።

«በባዶ እጅሽ እንዳትነኪው ልጄ፤ ገላ ካልነካው ዕድሜ ልክሽን ይኖራል።»

ውድነሽ በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። ቁራጩን አውጥታ ጉንጯ ላይ ለጠፈችው።

«ምነው!»

«ዓመት ይበቃኛል ጋሽዬ።»

ኑርልኝ መጋረጃውን አየ።

«እንግዲያው ሌላኛውን ቢጫ አልነካውም፤ ለከርሞ ይጠብቅሻል።»