የተደፈኑት መሰኪያዎች

የትምህርት ቤቱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ ሲወጣ ዳይሬክተሩ ሌባውን ለመለየት ግማሽ ቀን ብቻ ፈጀባቸው። ጸሐፊያቸው ትርንጎ ፍላሽ አላት፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ሃያ ዓመት ካገለገለችበት ሥራ አገዷት። ቀጥለውም የኮምፒውተሮቹ የፍላሽ መሰኪያ ሁሉ በማጣበቂያ እንዲደፈን አዘዙ። ስለ ጥንቃቄም ለመምህራኑ ሁለት ሰዓት ሙሉ አስተማሩ።

የኮምፒውተር ባለሙያው መሰኪያዎቹን ሲደፍን ውሎ በመጨረሻ የእሳቸው ቢሮ ደረሰ። ከኮምፒውተራቸው ጀርባ ጎንበስ ብሎ፣ "ጋሼ፣ እዚህ የተረሳ ፍላሽ አለ" አላቸው።

"አላልኩም? የዚያች ሌባ ነው! ክፈተው!" አሉና በሩን ከፍተው መምህራኑን ተጣሩ። "ኑ፣ ጉዷን እዩ!"

ባለሙያው ከፈተው። ፈተናው ከነመልሱ ቁጭ ብሏል። ከሥሩ በተደረደሩት ፎቶዎች ላይ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዋ የዳይሬክተሩ ልጅ የልደት ኬኳን ትቆርሳለች።